ተሸናፊውን ሆነህ ንገረኝ

የመምህር አለምነውን ሞት የሰማሁት ከተቀበሩ ብዙ ከቆየ በኋላ ነው። ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ እኛ ዘንድ ወሬ የሚመጣው በሰው እግር ነው። ከሞጣ ተነስቶ በግንደወይን በኩል ቢቸና የገባ አንድ ነርስ ገበያ ውስጥ አገኘኝና፣ ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ፣ "መምህር አለምነውን ታውቂያቸው ነበር አይደል?" አለኝ። ፊቱን አይቼ የቀረውን ገመትሁት። ስኳር ነበረባቸው። መንገዱ ተዘግቶ መድኃኒቱ ሲጠፋ መጀመሪያ እየቆጠቡ ወሰዱ፤ በኋላ የሚቆጠብም አልቀረ። በመጨረሻው ሰሞን አጠገባቸው የነበረው ይኸው ነርስ ነው። ሲነግረኝ ድንቹን በዘንቢል ይዤ ቆሜ ነበር፤ ድንቹን እዚያው ትቼው ቤቴ እንደገባሁ ያወቅሁት ከሰዓት በኋላ ነው።

እኔ ቢቸና የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። እሳቸው ሞጣ ኮምፒውተር ያስተምሩ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ያው አንድ ቡናማ ሹራብ የሚለብሱ ሰው ነበሩ። የመነጽራቸው አንድ ጆሮ ተሰብሮ በጥቁር ክር ታስሯል። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ቅኔ ቤት ነው፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ያዩት ጎልምሰው ነው። እና ስለ አንዱ ሲያወሩ ሁልጊዜ ሌላውን ይጠሩ ነበር። "ቅኔ ቤት ሳለን የኔታ ቅኔያችንን በጓደኞቻችን ፊት ያፈርሱት ነበር። ማንም አያፍርም። በማግስቱ ሌላ አስበን ቆጥረን እንመጣለን። የሚያሳፍረው ሳይቆጥሩ መምጣት ነው" ይሉ ነበር። ለተማሪዎች የኮምፒውተር ጨዋታን ያስተማሩት በዚህ ልብ ነው።

መጀመሪያ ያየኋቸው ኢንተርኔት በነበረበት በደህናው ጊዜ፣ ገመድና ዲስክ የሞላበት ሻንጣ ይዘው ከሞጣ አውቶቡስ ሲወርዱ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ልብስ ለብሰው፣ ክፍሉም ተቆልፎ ነበር። ርዕሰ መምህራችንን ፈቃድ የጠየቁት ልጆቹ በነዚያ ኮምፒውተሮች ጌም እንዲጫወቱ ነው። ርዕሰ መምህሩ ደነገጡ። "መምህር፣ እኛ ልጆቹን ከጌም ቤት እያባረርን ነው፤ እርስዎ ጌም ቤቱን ግቢያችን ውስጥ ሊያስገቡልን ነው?" አሏቸው። መምህር አለምነው አልተቆጡም። ልጆቹ እዚያ የሚሄዱት እኛ ዘንድ ያጡት ነገር ቢኖር ነውና፣ ምን እንደሆነ እንወቀው አሉ። ርዕሰ መምህሩ ለአንድ ሴሚስተር ፈቀዱ፤ ጠባቂም ያስፈልጋል ተብሎ እኔ ተመደብሁ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድ ወንዝ አለ፤ በወንዙ ዳር መንደሮች አሉ። እያንዳንዱን መንደር አንድ ልጅ ይይዛል። ያርሳል፣ ያረባል፣ ድልድይ ይሠራል። ድርቅ ይመጣል፣ ጎርፍ ይመጣል፣ አንበጣ ይመጣል። ከላይ ያለው ውሃውን ከገደበ ታች ያለው ይጠማል። ግማሾቹ መንደሮች በእኛ በቢቸና ልጆች፣ ግማሾቹ በሞጣ ልጆች እጅ ነበሩ። በጽሑፍም፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው በድምፅም ይነጋገራሉ። መምህር እየተመላለሱ አንዳንዴ እኛ ዘንድ፣ አንዳንዴ ሞጣ ሆነው ያጫውቷቸዋል። የጨዋታው መመሪያ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። መጽሐፍ ሳነብላቸው የሚያንቀላፉ ልጆች፣ ከብታቸው እንዳይሞት ሲሉ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡ አየሁ። አንዲት ልጅ ውሃውን በተራ ለመጠቀም የሚያስችል ውል በእንግሊዝኛ ጽፋ ለሞጣዎቹ ላከች። ስህተት ነበረው፤ ግን ፈረሙላት።

መምህር ያወጡት አንድ ሕግ ነበር፤ በእውነተኛ ስም መጫወት የለም። ሁሉም ቅጽል ስም አወጣ። ማንም ሌላውን ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ አገርህ የት ነው ብሎ አይጠይቅም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "ስም ከተጠየቀ አባት ይከተላል፤ አባት ከተጠየቀ አገር ይከተላል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታ የለም" አሉኝ።

ሌላው ልማዳቸው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። ያሸነፈውን ያስነሱና "ተሸናፊውን ሆነህ ንገረኝ" ይሉታል። የመጀመሪያው ልጅ ተነስቶ "ተሸነፍሁ፤ ሰነፍ ስለሆንሁ ነው" ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እሳቸው አልሳቁም። "እሱ እንዲያ አይልም። ተመልሰህ ግባበት" አሉት። ልጁ ግራ ተጋባ። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም መለሱት። በመጨረሻ ወደ ስክሪኑ ዞሮ አየና፣ "ድልድዩን እየሠራሁ ነበር። ጎርፉ ይመጣል ብሎ የነገረኝ የለም" አለ። ያኔ "ተቀመጥ" አሉት። ወደ አንድ ልጅ ሲጠጉ ደግሞ ኪቦርዱን ከመንካታቸው በፊት ጠረጴዛውን በጣታቸው ያንኳኳሉ፤ ልጁ ዞር ብሎ እሺ ካላለ አይነኩም። መምህር ተማሪውን ሲያስፈቅድ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ውል የጻፈችው ልጅ አባት ቄስ ታደለ ይባላሉ። ልጃቸው ትምህርት ቤት ሄዳ ጨዋታ ትጫወታለች ሲባል ሰምተው አንድ ቀን ተቆጥተው መጡ። መምህር አለምነው ተነስተው መስቀል ተሳለሙና፣ አባታችን ከመፍረድዎ በፊት ይዩት ብለው ከአንድ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጧቸው። ልጅቱ ከጎናቸው ሆና የላይኛውን መንደር አስያዘቻቸው። ቄስ ታደለ እርሻ ያውቃሉ። ድርቅ እንደሚመጣ ሲያዩ ፈጥነው ውሃውን ገደቡ፤ ማሳቸው ለመለመ፤ ደስም አላቸው። ትንሽ ቆይቶ ከታችኛው መንደር ጽሑፍ መጣ። ልጅቱ አነበበችላቸው። "ላይ ያላችሁ፣ ከብቶቻችን እያለቁ ነው። ምን አደረግናችሁ?" ይላል።

ቄሱ ወደ መምህር ዞር ብለው፣ "ይህን የሚለው እውነተኛ ልጅ ነው?" አሉ።

"አዎ አባታችን፣ ሞጣ ነው ያለ።"

ቄሱ ወደ ስክሪኑ ተመልሰው "በምን ነው የሚከፈተው?" አሉ። ልጅቱ አሳየቻቸው፤ ግድቡን ከፈቱት። ሲወጡ ልጅቱን አልወሰዷትም።

አሁን ወደ ሁለት ልጆች ልምጣ፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የሞጣ።

የእኛው ይታያል ይባላል። የወተት ጥርሱን ሳይነቅል አባቱ በእርሻ ድንበር ጠብ ተገደለ። ገዳዩ ታሰረ፤ ቤተሰቡም አገሩን ለቆ የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፋ። ይታያልን ያሳደጉት እናቱና አጎቱ አያ ምንይችል ናቸው። አያ ምንይችል ለገዳዩ መታሰር ቁብ አልሰጡም። "እሱን መንግሥት ያዘው እንጂ እኔ አልያዝሁት" ይሉ ነበር አሉ። ይታያል መንገድ ላይ ሲሄድ ሰው "ደግ፣ አደግህ እኮ" ይለዋል፤ ምን ለማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ክፍል ውስጥ አይናገርም። በጨዋታው ስሙን "ቆቅ" አለ።

ከሞጣዎቹ መካከል ደግሞ "ጃርት" የሚባል ነበር። እንግሊዝኛ ይከብደዋል፤ ቆቅ ይተረጉምለታል። ቆቅ ችኩል ነው፤ ጃርት ያረጋጋዋል። አንድ ቀን የቆቅን መንደር ጎርፍ ጠራርጎ ወሰደው። ጃርት ማንም ሳይጠይቀው ጎተራውን ከፍቶ እህሉን በጀልባ ላከለት። ቀጥሎ ድርቅ ሲመጣ ጃርት የሚበላው አልነበረምና ጨዋታውን ተሸነፈ፤ ቆቅ አሸነፈ። መምህር እንደልማዳቸው ቆቅን አስነሱት። ያ የማይናገር ልጅ ጃርትን ሆኖ፣ "እህሉን ባልሰጥ አሸንፍ ነበር። ግን ቆቅ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ሲቀር ሳየው ሆዴ አልቻለም" አለ።  ከዚያ ቀን በኋላ እኔም ክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ ማየት ጀመርሁ። ሲስቅም ሰማሁት።

ሕጉ የፈረሰው በጨዋታ መካከል ነው። ሁለቱ በጆሮ ማዳመጫ እያወሩ ሳለ፣ ጃርት በስክሪኑ ላይ ያለችውን ዛፍ አይቶ የልጅነት መንደሩን ያስታውሳል። ከምንጩ በላይ አንዲት ሾላ ነበረች፤ መብረቅ መትቷት ግማሽ ጎኗ ደርቋል ይለዋል። ይታያል ያቺን ሾላ ያውቃታል። የማን ልጅ ነህ ብሎ ጠየቀው። ጃርትም ደስ ብሎት ነገረው።

ይታያል ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ አየሁት። ወጥቶ ከግንቡ ስር ተቀመጠ። ስከተለው፣ "ቲቸር፣ ጃርት የሰውየው ልጅ ነው" አለኝ። የትኛው ሰውዬ ብዬ አልጠየቅሁም።

ለመምህር አለምነው ደወልሁላቸው። በማግስቱ የመጀመሪያውን መኪና ይዘው መጡ። እኔ፣ እሳቸውና ይታያል ባዶው የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ይቅር በል ይሉታል ብዬ ስጠብቅ እንዲያ አላሉትም።  ልጁ ራሱ ጀመረ።

"ጃርትን ሆኜ ልንገርዎት?"

"ከቻልህ።"

"ትንሽ ነኝ። እማዬ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰችኝ። አህያ ላይ አስቀመጡኝ። አባቴ የለም። የት ነው ስል ዝም በል አሉኝ። ሞጣ ስንደርስ ስምህን ለማንም እንዳትናገር አሉኝ። እስካሁን ለማንም አልተናገርሁም። ትናንት ለጓደኛዬ ነገርሁት።"

መምህር መነጽራቸውን አወለቁ። በሹራባቸው ጫፍ ይጠርጉታል፣ ያዩታል፣ እንደገና ይጠርጉታል። መልሰው ሊያደርጉት አልቻሉም።

ልጆቹ ተመልሰው ተጫወቱ። የመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ስለ ውሃና ስለ እህል ብቻ ነበር የሚያወሩት። ከዚያ ቀስ በቀስ ሌላውም መጣ። የጃርት ስም ደሳለኝ ነው። መምህር አለምነው ያን ሰሞን ሌላ ሰው ሆነው ነበር፤ ባለደሞችን የሚያስታርቁ ደም አድራቂ ሽማግሌዎችን ፍለጋ ከሞጣ ቢቸና፣ ከቢቸና ሞጣ ይመላለሳሉ፤ በመኪና ውስጥ ያፏጫሉ ብሎ የአውቶቡሱ ረዳት ነገረኝ። ይታያልም በተስፋ ለእናቱ ነገራት። እናቱ ብዙ ካለቀሰች በኋላ ልጁ አባቱን ይመስላል ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ድምፁን እንጂ እኔ ምኑን አይቼው አላት። እርቅ ከሆነ ያለ አያ ምንይችል እንደማይሆን ታውቃለችና እሷ ደግሞ ለእሳቸው ነገረች። እንደዚህ ነው ቤተሰቡ ሞጣ እንዳለ የታወቀው።

አያ ምንይችል ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ይታያልን ከክፍል አስወጡት። በሌላ ቀን መምህር አለምነውና እኔ ቤታቸው ሄድን። ጠላ ቀረበልን፤ በክብር ተቀመጥን። መምህር ስለ ልጆቹ ነገሯቸው፤ ስለ ጎርፉም፣ ስለ እህሉም። አያ ምንይችል አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ደግ ሰውም ነዎት። ወንድሜ ግን መስታወት ውስጥ አልሞተም" አሉ።

መምህር አልተከራከሩም። ይልቅ ደጋግመው እቤታቸው ሄዱ። ሽማግሌ ላኩ፣ ቄስ ታደለንም ይዘው ሄዱ። በመጨረሻ አያ ምንይችል ሽማግሌ ይምጣ፣ እሰማለሁ አሉ። ሁለቱ ወገኖች ግንደወይን ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዲገናኙ ቀን ተቆረጠ።

ያ ቀን ከመድረሱ በፊት ሁሉም ነገር ተዘጋ። ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ ስልኩ ተከተለ፤ ተኩስ መጣ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መኪና ቆመ። የሞጣ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ተከልክለው ተመለሱ፤ መቅረታቸውን የሚነግሩበት መንገድ ግን አልነበረም። አያ ምንይችል ዘመዶቻቸውን ይዘው በእግር ሄደው ግቢው ውስጥ ሲጠብቁ ዋሉ። ማንም አልመጣም። ተመልሰው ሲመጡ ለሰው ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ንቀውኝ ቀሩ። የቢቸናም የሞጣም ሽማግሌ ከዚያ በኋላ ሊያገኛቸው አልቻለም። ሕግ የሚባል ነገር በጠፋበት በዚያ ክረምት ጠመንጃቸውን ይዘው ጠፉ። ደሳለኝ ከወፍጮ ቤት እህል አስፈጭቶ ሲመለስ ነው በእጃቸው የተገደለው።

መምህር አለምነው ከፊሉን በባጃጅ፣ ብዙውን በእግራቸው አድርገው ቢቸና መጡ። እግራቸው ቆስሎ ነበር፤ ለስኳር ሕመምተኛ ቁስል ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ለምን እንደመጡ ስጠይቃቸው ልጁ ከሌላ ሰው እንዳይሰማው ነው አሉኝ። ይታያልን አስጠርቼ ከግቢዬ ዛፍ ስር ነገሩት። ልጁ አልጮኸም። "ለእማዬ የነገርኋት እኔ ነኝ" አለ።

"ስም እንዳትጠያየቁ ያልሁ እኔ ነኝ" አሉት መምህር። "ለምን እንደከለከልሁም አውቅ ነበር። ሕጉን አፍርሳችሁ ስትጠያየቁ ግን ደስ አለኝ። ይበቃል፣ አሁን ይችሉታል አልሁ። ልጄ፣ ይህ የእኔ ነው፤ አንተ አትሸከመው።"

እኔ ለቁስላቸው የሚሆን ውሃ ላሞቅ ገባሁ። 

ይታያል ለቅሶ ልድረስ ብሎ አስቸገራቸው። አንድ ላይ ሞጣ ሄዱ። የሆነውን በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። የደሳለኝ እናት ከለቀስተኛው መካከል ያላወቀችውን ልጅ አይታ ማን ነህ አለችው። ጓደኛው ነኝ አላት። የትኛው ስትለው ቅጽል ስሙን ነገራት። "ልጄ እህሉን የሰጠህ አንተ ነህ?" አለችውና አጠገቧ አስቀመጠችው። ብዙ ሳይቆይ ግን ከለቀስተኛው አንዱ የማን ልጅ እንደሆነ አወቀ። የደሳለኝ ታናሽ ወንድም አንሙት በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ የሰውን ሹክሹክታ ሰምቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ ዱላ ይዟል። መምህር ይታያልን በጓሮ አስወጡት። ይታያል ወደ ቢቸና አልተመለሰም። ሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወረደ የሚል ወሬ ሰምተናል፤ እናቱ እስከ ዛሬ ሰው ትልካለች፤ አላገኘችውም። አያ ምንይችልም ዓባይ በረሃ ገብተዋል ይባላል።

መንገዱ ለጥቂት ጊዜ በተከፈተ ጊዜ ሞጣ ሄጄ መምህርን አየኋቸው። እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ነበሩ። ከስተዋል። የሞጣውም የእኛም ኮምፒውተሮች ተወስደዋል፤ ማን እንደወሰዳቸው የሚያውቅ የለም። ደስ እንዲላቸው ብዬ የቄስ ታደለ ልጅ ቤቷ ሆና ለጎረቤት ልጆች እንግሊዝኛ እያስተማረች እንደሆነ ነገርኋቸው። "ደህና ናት?" አሉ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ስለ ጨዋታው ሳነሳ ተዪው በሚል እጃቸውን አወዛወዙ። ቆይተው ግን ሳልጠይቃቸው ተናገሩ።

"ሌላውን ሰው መሆን ይቻላል። እኔ ልጆቹ ሲችሉት አይቻለሁ፤ አንቺም አይተሻል። ግን ከክፍሉ ሲወጡ የሚገቡት እኛ ወዳለንበት ነው።"

ይህን ካሉ በኋላ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ተኝተው መስሎኝ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ገበያ ውስጥ ያገኘኝ ነርስ የነገረኝ የመጨረሻ ነገር ይህ ነው። መሞታቸው ሲቃረብ መምህር የደሳለኝን ታናሽ ወንድም አምጡልኝ እያሉ ይለምኑ ነበር። አንሙት ትምህርት ከተቋረጠ ወዲህ ጠመንጃ ይዟል፤ ቆላ ወርዶ ይታያልን እንደሚፈልገው በግልጽ ይናገራል። ዘመዶቹ እንደምንም አግባብተው አመጡት። መምህር ከአልጋቸው ቀና ለማለት እየሞከሩ "ና፣ ግባ ልጄ" አሉት። ልጁ ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ ደጃፉ ላይ ቆሞ አያቸው። እንደገና "ግባ" አሉት። መምህር የሚናገሩት ነገር እንደነበራቸው፣ ትንፋሽ ግን እንዳጠራቸው ነው ነርሱ የነገረኝ። አንሙት ጥቂት ቆመና ዞሮ ሄደ።